ክትባቱ ነጻ ነው፤ ቤንዚኑስ?

(በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔቱ ሲባል በጥቂቱ ታርሞ የተጻፈ)



አዘጋጆቹ «በመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት ስላለው የክትባት ፋይናንስ» እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እኔም በዚህ ርዕስ ከምሳ በኋላ ነቅቶ የሚቀመጥ ሰው ጅማ ውስጥ አይገኝም አልኳቸው። ስለዚህ ከአንድ ፍሪጅ ልጀምር፤ ገንዘቡ ጋ በኋላ እንደርሳለን።

ጊዜው ኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ግቢ በጤና መኮንንነት ተመርቄ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የተመደብኩት ከአጋሮ ወዲያ፣ ዙሪያውን ቡና በከበበው አንድ ጤና ጣቢያ ነው፤ ስሙን ልተወው። ፀረ አምስት የምንለው ፔንታቫለንት ክትባት ወደ አገራችን ከገባ ዓመት አልሞላውም። መምህሮቻችን ስለ ዋጋው ውድነት ብዙ ነግረውን ነበርና ብልቃጡን እንደ ወርቅ ነበር የምናየው። የሚቀመጠው ግን በነጭ ጋዝ በሚሠራ አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ክሩ ሲጨስ ይሞቃል፣ ነበልባሉን ከፍ ሲያደርጉት ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል። ክትባቱ የሚፈልገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፤ ፍሪጁ የሚፈልገውን ግን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ፍሪጁ ሞቀ መሰለኝ፣ ጥበቃው ነበልባሉን ከፍ አድርጎት ሄደ። የኅዳርን ሌሊት ብርድ ታውቁታላችሁ። ሰኞ ጠዋት ስከፍተው ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ወርዷል፤ ግድግዳውን የተጠጉት ብልቃጦች ጠርዛቸው ላይ ስስ በረዶ ይዘዋል። በሩ ላይ የተለጠፈውን የሙቀት መመዝገቢያ ቅጽ አየሁ። ቅዳሜ 4 ዲግሪ፣ እሁድ 4 ዲግሪ ይላል። በአንድ ብዕር፣ በአንድ እጅ፣ ምናልባትም አርብ ከሰዓት በኋላ የተሞላ ነው። በየሳምንቱ ያን ቅጽ የምፈርመው ደግሞ እኔ ነኝ።

ውጭ እናቶች ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ነው የመጡት። ነርሷ «ይቀልጣል እኮ፤ በእጃችን ሙቀት ትንሽ እንያዘው» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ፈቃድ ሆነና በዚያ ጠዋት አሥራ ዘጠኝ ሕጻናት ተከተቡ።

ከሰዓት በኋላ ግን እዚህ ግቢ ውስጥ መምህራችን ብልቃጥ እየናጡ ያሳዩን ነገር ትዝ አለኝ። በዚያ ሌሊት አንዱን ብልቃጥ ሆን ብለን አቀዘቀዝነው። ማክሰኞ ሲቀልጥ ከተጠራጠርነው ጋር ጎን ለጎን ንጠን ጠረጴዛ ላይ አቆምናቸው። ያልቀዘቀዘ ክትባት ለረጅም ጊዜ ደፍርሶ ይቆያል። የእኛዎቹ ግን ሁለቱም እኩል ዘቀጡ፤ ከታች ዝቃጭ፣ ከላይ ጥርት ያለ ውኃ። የሰጠነው መርፌ ልጆቹን አይገድልም፤ አያድናቸውምም። ካርዳቸው ላይ ግን «ተከትቧል» ተብሎ ተጽፏል። ካልተከተበ ልጅ የባሰው ይኼ ነው፤ ማንም አይፈልገውማ።

አሥራ ዘጠኙን መልሰን መጥራት ነበረብን። እዚህ ላይ ነው ስለ ገንዘብ የተማርኩት።

ሞተር ሳይክል አለን፤ ቤንዚን የለንም። የወረዳው የሩብ ዓመት ነዳጅ አልቋል። የጤና ጣቢያውን የውስጥ ገቢ ለመጠቀም ቦርዱ መወሰን አለበት፤ የቦርዱ ሰብሳቢ ደግሞ ቡና ለቀማ ላይ ናቸው። እናቶቹም ለቀማ ላይ ናቸው። እንዲያውም ከእኔና ከፍሪጁ በቀር ለቀማ ላይ ያልሆነ ሰው አልነበረም። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ከደመወዜ ገዛሁና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ጎጥ ለጎጥ ዞርን። መንገድ ያጣንበትን እሷ በእግሯ ሄደች።

አንዲት እናት ቡናዋ መሀል አገኘናት። ነርሷ «ተጨማሪ ዶዝ ነው በላት» ብላኝ ነበር። አፌ እንቢ አለኝና እውነቱን ነገርኳት፤ ታላሊው ሌሊት ቀዝቅዞ ተበላሽቶብናል አልኳት። በዚያ አገር ክትባትን በኦሮምኛ ታላሊ ነው የሚሉት። እንድትቆጣ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ቅርጫቷን እያሳየችኝ፣ «እሸትም እኮ ካደረ ይኮመጥጣል። ለዚህ ነው ማታውኑ ተሸክመን የምንሮጠው» አለች። ቀጠለችና፣ «እናንተ ጋ ግን ሌሊት የሚጠብቀው ሰው አልነበረም ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሥራ ስድስቱን አገኘናቸው። ሦስቱን አላገኘናቸውም። ወላጆቻቸው ለለቀማ ከሌላ አገር የመጡ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፤ መዝገባችን ላይ ያለው አድራሻ የአሠሪው ስም ብቻ ነው። ያሉ እንደሆነ ዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ግድም ሆኗቸዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። የክትባቱን ዋጋ በብዛት የሚከፍለው በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው ጋቪ ነው። እኛን የመሰሉ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች በጋቪ ደንብ ለአንድ ዶዝ ከአሜሪካ ገንዘብ 20 ሳንቲም ያዋጣሉ፤ ግዢውን ዩኒሴፍ ይፈጽማል። ብልቃጡ ቦሌ ይደርሳል፣ ከዚያ በመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት መኪና ጅማ ቅርንጫፍ ይገባል፣ ከጅማ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የእኔና የነርሷ ደመወዝ ከወረዳው ጥቅል በጀት ይወጣል። እስከዚህ ድረስ እያንዳንዱ ነገር ባለቤት አለው። ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ኬላ፣ ከጤና ኬላ ወደ ጎጥ ያለው መንገድ ግን የማን ነው? የወረዳው በጀት ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዚያ ጥቂት ላይ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ የሞተር ጎማና የፍሪጅ ክር ይሻሙበታል። ከባሕር ማዶ ድረስ የመጣ ክትባት አሥር ኪሎ ሜትር ሲቀረው ይቆማል።

ለዚህ ነው ጅማ የተማርን ሰዎች ራሳችንን የታደልን ነን የምለው። በቲቲፒ አጋሮ፣ ሰርቦ፣ ሸቤ፣ አሰንዳቦ የወጣን ሰዎች ያን አሥር ኪሎ ሜትር በእግራችን እናውቀዋለን። (ሸቤ አብረን የወጣን ልጆች፣ ሽሮውን ማን እንዳሳረረው ዛሬም አልተናገርኩም።) «በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚለውን የዩኒቨርሲቲያችንን መፈክር በተማሪነታችን ብንቀልድበትም፣ የማያውቀው ሰው በጀት ሲሠራ ልዩነቱ ይታያል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ፈንጣጣን እንዴት አጠፋነው ታዲያ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዘመቻው እኛ አገር በ1963 ዓ.ም. ተጀምሮ የመጨረሻዎቹ ሕሙማን በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ተገኙ። በዚያ ዘመቻ ከአገራችን ሠራተኞች ጋር ብራዚላዊው የዓለም ጤና ድርጅት ሐኪም ሲሮ ደ ኳድሮስ ሠርተዋል፤ በኋላ ፖሊዮን ከአሜሪካ አኅጉር ለማስወጣት የመሩት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን የፈንጣጣው ክትባት ደርቆ የተዘጋጀ፣ ሙቀት የሚችል ነበር። አንድ ጊዜ ወግተህ ትሄዳለህ። በ1972 ዓ.ም. የተጀመረው መደበኛ ክትባት ሌላ ነገር ነው። በውልደት፣ በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት፣ በዘጠኝ ወር፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአሥራ አምስት ወር፤ ልጁ ስድስት ጊዜ መምጣት አለበት። ሰው የሚቀረው በመመለሱ ላይ ነው። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የመጀመሪያውን ፔንታ ያገኙት ከመቶ 73 ሲሆኑ ሦስተኛውን ያገኙት 53 ናቸው። ሙሉ ክትባት የወሰዱት በአገር ደረጃ ከመቶ 39፣ አዲስ አበባ 89፣ በኦሮሚያ 25 ገደማ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. አገር አቀፉ 14 እንደነበር ካሰብን መንገዱ ትንሽ አይደለም። ግን ሃያው ሰው የት ሄደ?

እኛ አገር የሄደው ቡና ውስጥ ነው። ቀኑን ቁጠሩልኝ። በመስከረም አንድ የተወለደ ልጅ ስድስተኛ ሳምንቱ ጥቅምት 13 ነው፤ አሥረኛው ኅዳር 11፤ አሥራ አራተኛው ታኅሣሥ 9። ሦስቱም ለቀማ ላይ ወደቁ! በሊሙ፣ በጎማ፣ በመና፣ በጌራ ያለች እናት በእነዚያ ወራት አንድ ቀን ከቀረች የዓመቱ ገቢዋ ነው የሚቀርባት። እኛ ግን ክፍለ ጊዜያችንን ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አድርገን ስትቀር «ግንዛቤ የላትም» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን። እኔም ጽፌአለሁ። በስንት ሪፖርት ላይ «የግንዛቤ እጥረት» ብዬ እንደሞላሁ ባስታውስ ደስ አይለኝም።

ኋላ ላይ በወረዳ ደረጃ ስሠራ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። ለቃሚው ቀይ እሸቱን ተሸክሞ በማታ ወደ መፈልፈያ ጣቢያው ይመጣል፤ ሚዛን ላይ ይሰለፋል፤ ይጠብቃል። ሚዛኑ አጠገብ ጠረጴዛ አስቀመጥን። የመስጊዱ ኢማም ከጁምዓ ሶላት በኋላ አስታወቁልን። የማኅበሩ መኪና እሸት ለመጫን ሲወጣ የክትባት ሳጥናችንን አብሮ ይጭናል፤ ቤንዚኑ የቡናው ነው። ከሌላ አገር የመጡት የቀን ሠራተኞች፣ ያ የአሥራ ዘጠኙ መዝገብ ያጣቸው ዓይነት ሰዎች፣ በመጀመሪያው ማታ ልጆቻቸውን አዝለው ተሰለፉ። አንዱ ሚዛን ጠባቂ «ዛሬ ሁለቱም ይመዘናሉ» ብሎ ቀልዶ ነበር፤ እኛም ሕጻናቱን መመዘን ጀመርን። ይህ ብልሃት የእኔ ብቻ አይደለም። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አባል ማኅበራት ከቡናቸው ባገኙት ተጨማሪ ክፍያ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ሲሠሩ ቆይተዋል። ቡናው መክፈል ይችላል፤ የሚጠይቀው ሰው ነው የጠፋው።

የኩፍኙ ብልቃጥ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አሥር ዶዝ ይይዛል፤ ከተበጠበጠ በስድስት ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይጣላል። አምስት ሺህ ሰው ባለበት ቀበሌ በወር ዘጠኝ ወር የሚሞላቸው ሕጻናት አሥራ ሁለት ግድም ቢሆኑ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚመጡት ሦስት ወይም አራት ናቸው። መመሪያው «ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱ» ይላል። ግምገማው ግን «ለምን አባከናችሁ?» ይላል። ታዲያ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምን ታድርግ? በአሥረኛ ክፍል ትምህርትና በአንድ ዓመት ሥልጠና ሥራ ጀምራ ቀበሌውን በሙሉ ተሸክማለች፤ ስለ ብክነት የምትገመገመው እሷ ናት። «የሚቀጥለው ሳምንት ነይ፣ ልጆች ሲበዙ እከፍታለሁ» ትላለች። እናትየዋ አትመለስም። በእኔ አስተያየት ከጠፉብን የኩፍኝ ክትባቶች ብዙዎቹ የጠፉት በተጣለ ብልቃጥ ሳይሆን ባልተከፈተ ብልቃጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህኛውን የጤና ኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን እንዲያርሙኝ እፈልጋለሁ። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ የእኛው ሊሙ ኮሳ ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ስንት ቤተሰብ ላም ሳይሸጥ ታክሟል። ነገር ግን ክትባት በነጻ ከሚሰጡት አገልግሎቶች አንዱ ስለሆነ መድኅኑ አይከፍልበትም፤ መክፈልም የለበትም። ውጤቱ ምን ሆነ? ሳንባ ምች ይዞት የመጣ ልጅ ካርድ አለው፣ ምርመራ አለው፣ መድኃኒት አለው፤ ለጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ ነው። የተከተበ ልጅ ግን ወጪ ብቻ ነው። የሳንባ ምች መከላከያ ክትባቱ በ2004 ዓ.ም. የገባ ቀን፣ በገንዘብ አያያዝ ዓይን ብቻ ካየነው፣ ጤና ጣቢያዎቻችን ደንበኛ አጡ ማለት ነው። ማንም እንዲህ አስቦ አይሠራም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን የቤንዚን ብር ስትደለድል ገቢ የሚያመጣው ክፍልና የማያመጣው ክፍል እኩል አይታይም።

እንግሊዝ አገር በቤተሰብ ሐኪም ክሊኒክ የሚሠራ የባቻችን ልጅ አለ፤ ዛሬ አልመጣም። እዚያ የልጆች ክትባት ለክሊኒኩ በነጻ ይቀርባል፤ ክሊኒኩ ደግሞ ለሰጠው እያንዳንዱ ዶዝ ይከፈለዋል፤ ለዓመታት 10 ፓውንድ ከ6 ፔኒ ነበር። ጸሐፊዋ የቀረውን ልጅ ስልክ ደውላ የምትፈልገው ለዚህ ነው፤ ልጁ ሲቀር ገንዘቡም ይቀራላ። ስሰማ ቀናሁ። በኋላ ግን ሳስበው እኛ ዘንድ በዶዝ ቢከፈል ቁጥር ሠርቶ የሚያመጣ እንደሚበዛ ታየኝ። ያን የሙቀት ቅጽ አስታውሱ፤ ማንም ሳይከፍለው 4 ዲግሪ ብሎ የሞላ እጅ በገንዘብ ምን ሊሞላ ነው? ስለዚህ የዶዝ ክፍያ ይምጣ አልልም። እኔ የምለው የመንገዱ ወጪ በወረዳው ዕቅድ ላይ የራሱ መደብ ይኑረው፤ ሌላው አይንካው።

ስለ ዘመቻ ብዙ አልልም፤ አበሉን የበላንም ያልበላንም እዚህ አለን። ዘመቻ ሲመጣ መኪና አለ፣ ነዳጅ አለ፣ በር ላይ በጠመኔ የሚጽፍ አለ፤ ዘመቻው ሲያልቅ ሁሉም ይሄዳል። ፖሊዮን በዚህ መንገድ ገፍተናል፣ ኮቪድንም በ2013 ዓ.ም. እንዲሁ ጀመርን። ፍሪጁ ግን በየሌሊቱ ነው የሚሠራው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ጠነከረ። በሰኔ 2017 ዓ.ም. አሜሪካ ለጋቪ የምትሰጠውን ገንዘብ እንደምታቆም አስታወቀች። የዛሬ ሃያ ዓመት ይህን ብሰማ «የጄኔቫ ጉዳይ ነው» እል ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ የታየኝ በጌራ መንገድ ላይ የቆመ ሞተር ሳይክል ነው። መንግሥት የክትባቱን ድርሻ ከፍ ማድረግ ካለበት ብሩን ከየት ይቀንሳል? ብዙ ጊዜ እንዳየነው መጀመሪያ የሚቀነሰው የማይጮኸው ነው፤ ቤንዚን ደግሞ አይጮኽም።

ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። የወረዳና የዞን ዕቅድ የምትሠሩ ምሩቃን፣ በዚህ ዓመት በጀት ላይ ለክትባት ጉዞ የሚሆን የነዳጅ መስመር ለብቻው ጻፉ፤ ቢሰረዝ እንኳ ማን እንደሰረዘው ይታወቅ። የቲቲፒ አስተባባሪ መምህሮቻችን ደግሞ ተማሪዎቹ የጤና ጣቢያውን ፍሪጅ ቅዳሜና እሁድ እየሄዱ እንዲያነብቡ አድርጉ። ለተማሪ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ያው ቅዳሜ ዕለት ቴሌቪዥን ቤት ነው የሚውለው።

ባለፈው ዓመት በሥራ ምክንያት ወደዚያ ጤና ጣቢያ ጎራ ብዬ ነበር። ነጭ ጋዙ ቀርቷል፤ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ተሰቅሎ ፍሪጁ ያለ ባትሪ ይሠራል። ጥበቃው አርጅቷል፤ ግን አስታወሰኝ። «ዶክተር፣ አሁን ነበልባል የለውም፤ የምነካው ነገር የለኝም» አለኝና ሳቀ። የሙቀት ቅጹን በሩ ላይ አየሁት። ቅዳሜ 5፣ እሁድ 3 ይላል፤ በሁለት የተለያየ ብዕር ነው የተጻፈው፤ የእሁዱ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ የእሱ ነው።